ስሙ እንግዳ፣ ቀዶ ሕክምናው የታወቀ፦ የምግብ ቧንቧ ካርሲኖሳርኮማ ታክሜ ያለፍኩበት

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሚይዛቸው 100 ሰዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ከሁለት የታወቁ ዓይነቶች በአንዱ የተያዙ ናቸው፤ እነዚህም ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ እና አዴኖካርሲኖማ ይባላሉ። የእኔ ከሁለቱም አልነበረም። ካርሲኖሳርኮማ የሚባለው፣ አንዳንድ ሐኪሞች ስፒንድል ሴል ካርሲኖማ የሚሉት ዓይነት ሲሆን፣ ከመቶ ታማሚዎች በአንድ ወይም በሁለት ሰው ላይ ቢገኝ ነው። ውጤቱ ከተነገረኝ በኋላ ይህንኑ በሽታ ታክሞ ያለፈ ሰው ብፈልግ ላገኝ ስላልቻልኩ፣ ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ የምርመራ ወረቀት በእጁ ይዞ ለሚጨነቅ ሰውና አብሮት ለሚጨነቀው ቤተሰብ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የማካፍለው ያየሁትን፣ ጠይቄ የተረዳሁትንና በገዛ ሰውነቴ የተማርኩትን ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በመዋጥ ችግር ነበር። መጀመሪያ ሥጋና ዳቦ ደረቴ መሐል ላይ ቆም እያሉ ይወርዱ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የላመ ምግብ፣ ቀጥሎም ውሃ ጭምር አልወርድ አለ። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ሲታይ፣ በምግብ ቧንቧዬ መካከለኛ ክፍል ላይ ከግድግዳው በአጭር ግንድ ተንጠልጥሎ ቀዳዳውን ሊደፍነው የደረሰ ትልቅ ዕጢ ተገኘ። ምስሉን ሳየው ያለቀልኝ መሰለኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ግን የዚህ ካንሰር ልዩ ጠባይ ይኸው ነው፦ የተለመዱት ዓይነቶች አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳውን ሰርስረው ወደ ውጭ ሲዘልቁ፣ ካርሲኖሳርኮማ ብዙ ጊዜ ወደ ቧንቧው ክፍተት እያበጠ ያድጋል። ስለዚህ ገና ጥልቀት ሳይኖረው መዋጥን ይከለክላል፣ ታማሚውንም ቶሎ ወደ ሐኪም ይነዳዋል። ይህ ሲባል ግን በሽታው ገራም ነው ማለት አይደለም፤ ወደ ሊምፍ ዕጢዎችም ሆነ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሊሰራጭ ይችላል። በኢንዶስኮፒ የታየው ግዝፈት ብቻውን ተስፋ ለመቁረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም ለማለት ነው።

የበሽታውን ትክክለኛ ስም ማወቅ ራሱን የቻለ ጉዞ ነበር። የመጀመሪያው ናሙና የሞተ ሕዋስና ቁስለት ብቻ አሳየ። ሁለተኛው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ነው ተባለ። ናሙናዎቹ በሌላ የፓቶሎጂ ባለሙያ (ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ በሚመረምር ሐኪም) እንደገና ሲታዩ ነው ካርሲኖሳርኮማ የሚለው ስም የመጣው። እንዲህ ያለ መለዋወጥ ሲያጋጥም ታማሚው ሐኪሞቹን መጠራጠር ይጀምራል፤ ምክንያቱ ግን በዕጢው ተፈጥሮ ውስጥ ያለ ነው። ካርሲኖሳርኮማ ሁለት መልክ ያላቸው የካንሰር ሕዋሳት ተቀላቅለው የሚገኙበት ዕጢ ነው፦ አንደኛው ወገን ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን የሚነሳውን ካርሲኖማ ይመስላል፣ ሌላው ደግሞ ረዘም ረዘም ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ ሕዋሳት ያሉት ሆኖ ሳርኮማን፣ ማለትም ከጡንቻና ከመሰል ሥጋዎች የሚነሳውን ካንሰር ይመስላል። በኢንዶስኮፒ የሚወሰደው ቁራጭ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ከአንዱ ወገን ብቻ ቢወሰድ ግማሽ እውነት ብቻ ይዞ ይወጣል። ባለሙያው ሁለቱን የሚለየው ሕዋሳቱን በልዩ ማቅለሚያ በመፈተሽ ሲሆን፣ ኬራቲን እና ቫይሜንቲን የሚባሉት ፕሮቲኖች መኖርና አለመኖር ከሚታዩት ነገሮች መካከል ናቸው። ውጤታችሁ ግልጽ ካልሆነ፣ ናሙናው ከዕጢው ጫፍም ከሥሩም ተወስዶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ስላይዶቹ በሌላ ባለሙያ እንዲታዩ መጠየቅም ነውር የለውም።

ስሙ ከታወቀ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ የት ድረስ ደርሷል የሚለው ነበር። የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን፣ የመላ ሰውነት ፔት ስካን፣ እንዲሁም በኢንዶስኮፒ ጫፍ ላይ በተገጠመ አልትራሳውንድ የግድግዳውን ንብርብሮች የሚያሳይ ምርመራ ተደረገልኝ። ይህ የመጨረሻው በእኔ ዘንድ አስቸጋሪ ነበር፤ ዕጢው መንገዱን ስለዘጋው መሣሪያው በቀላሉ አላልፍ አለ። ቢሆንም ዕጢው ከግድግዳው ጥልቅ ክፍል እንዳልደረሰ፣ ወደ ሌላ አካልም የተሰራጨ ምልክት እንደሌለ ተገመተ።

ቀዶ ሕክምናው ይቅደም ወይስ ኬሞቴራፒና ጨረር ይቅደም በሚለው ላይ ሐኪሞቹ ተሰብስበው መክረዋል። ለተለመዱት የምግብ ቧንቧ ካንሰሮች፣ በሽታው በአካባቢው ጠለቅ ካለ፣ ኬሞቴራፒንና ጨረርን አስቀድሞ ቀዶ ሕክምናን ማስከተል የታወቀ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የታተመው ክሮስ የተባለው የኔዘርላንድስ ጥናት 41.4 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረርን ለ23 ጊዜ ከፋፍሎ ከሁለት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ጋር በመስጠት ሕሙማኑ ከቀዶ ሕክምና ብቻ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖሩ አሳይቷል። ያ ጥናት የተካሄደው ግን በተለመዱት ዓይነቶች ላይ ነው። ለካርሲኖሳርኮማ የተለየ ትልቅ ጥናት ለማካሄድ ታማሚዎቹ በጣም ጥቂት ስለሆኑ፣ ውሳኔው የሚወሰደው ከስኳመስ ሴል ካርሲኖማ በመዋስና እያንዳንዱን ሰው ለብቻው በማየት ነው። በእኔ ዕጢ ጥልቀት የሌለው መሆኑና እየደማ መንገዱን መዝጋቱ ታይቶ፣ ቀዶ ሕክምናው ይቅደም ተባለ። የሌላው ሰው ውሳኔ ከእኔ ቢለይ ሊገርመው አይገባም።

ሐሳቤን ያረጋጋው ከቀዶ ሕክምና ሐኪሜ ጋር ያደረግሁት ውይይት ነበር። «ዶክተር፣ ይህን በሽታ ስንት ጊዜ አክመዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ይህን ዓይነት ዕጢ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው» አሉኝ ሳይሸፋፍኑ፤ «የምግብ ቧንቧ ማውጣትን ግን ዘወትር እንሠራዋለን። እርስዎን የሚያድንዎት ወይም የሚጎዳዎት የበሽታው ስም ብርቅ መሆን ሳይሆን፣ ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ቡድን ልምድ ነው።» ይህ አባባል ትክክል መሆኑን በኋላ ደጋግሜ አይቻለሁ። ይህን ቀዶ ሕክምና በብዛት በሚሠሩ ሆስፒታሎች የሚሞቱ ታማሚዎች ቁጥር አልፎ አልፎ ከሚሠሩት ያነሰ መሆኑ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። ስለዚህ የበሽታውን ስም ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ጊዜና ገንዘብ ከመጨረስ፣ በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ትሠራላችሁ፣ ስፌቱ ቢያፈስ ሌሊትም ቢሆን ማን ያየኛል፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉስ ዝግጁ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ልምድ ያለው ሐኪም በእንዲህ ያለ ጥያቄ አይቀየምም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበሩትን ሳምንታት እንደ ባዶ ጥበቃ አልቆጠርኳቸውም። ቧንቧው ስለተዘጋ ክብደቴ ወርዶ ስለነበር፣ በሥነ ምግብ ባለሙያ ምክር ኃይልና ፕሮቲን የበዛበት ፈሳሽ እወስድ ነበር፤ ይህ ለማይሆንላቸው ሰዎች በቱቦ ምግብ መስጠትም ይቻላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት እንዲያቆም ይመከራል። በየቀኑ እራመድ ነበር፤ አየር ስቦ ኳስ በሚያነሳው ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያም ሳንባዬን አለማምድ ነበር። ጥርሴንም እንድታይ ተደረግሁ፤ መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም ነበር፣ ነገር ግን የአፍ ንጽሕና ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣውን የሳንባ ምች ለመቀነስ ይረዳል።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱ፣ እኔ ተኝቼ ስለነበር የምናገረው ከሐኪሞቹ የሰማሁትን ነው። የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና ከጉሮሮ ተነሥቶ፣ ከአየር ቧንቧና ከልብ ጀርባ አልፎ፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ በስቶ ሆድ ዕቃ የሚደርስ ነው። ስለዚህ እሱን ለማውጣት ደረትም ሆድም መነካቱ አይቀርም። በቀኝ ደረት በኩል በመግባት የሚሠራው ዘዴ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ካስተዋወቀው ከብሪታንያዊው ሐኪም ከአይቮር ሉዊስ ነው፤ በእሱ ዘዴ አዲሱ መገጣጠሚያ፣ ማለትም ወደ ላይ የተሳበው ጨጓራ ከቀረው ቧንቧ ጋር የሚሰፋበት ቦታ፣ ደረት ውስጥ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1976 ማክኪዎን የተባለ ሐኪም ያስተዋወቀው ደግሞ በአንገት በኩል ሦስተኛ ቀዳዳ ስለሚጨምር መገጣጠሚያው አንገት ላይ ይሆናል። የእኔ ዕጢ መካከለኛው ክፍል ላይ ስለነበረና ከላይ በቂ ጤናማ ክፍል ተጨምሮ መቆረጥ ስለነበረበት፣ ሁለተኛው ተመረጠ። ቀኝ ሳንባዬ ለጊዜው አየር እንዳይገባው ተደርጎ በግራው ብቻ እየተነፈስኩ ቧንቧው ከነዙሪያው የሊምፍ ዕጢዎች ተነሣ፤ ቀጥሎ ጨጓራዬ በአንድ ጎኑ በኩል ተቆርጦ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ እንዲሆን ተደረገና፣ በቀኝ በኩል የሚመግበው የደም ሥር ሳይነካ፣ በደረቴ ውስጥ ተስቦ አንገቴ ላይ ተሰፋ። ትንሹ አንጀቴ ላይም ለጊዜያዊ መመገቢያ የምትሆን ቀጭን ቱቦ ተተከለች። ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል የፈጀ ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ደረትን ከፍቶ የምግብ ቧንቧን በተሳካ ሁኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1913 በኒው ዮርክ ፍራንዝ ቶሬክ የተባለ ሐኪም ሲሆን፣ ቧንቧውን የሚተካበት መንገድ ስላልነበረ ታካሚዋ ከአንገቷ ወደ ሆዷ በቆዳዋ ላይ በሚያልፍ የጎማ ቱቦ እየተመገበች 13 ዓመት ያህል ኖራለች። ሆስፒታል ተኝቼ በተማረርኩ ቁጥር ይህችን ሴት አስታውስ ነበር።

ስነቃ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበርኩ። በአፍንጫ፣ በደረት፣ በሆድ፣ በሽንት ፊኛ በኩል ቱቦዎች ነበሩ፤ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ሲያየኝ ያን ያህል ባልደነገጠ ነበር። ሕመሙ በጀርባ አጥንት በኩል በሚሰጥ ማደንዘዣ ሊቻል የሚችል ሆነ። ትልቁ ሥራ ማሳል ነበር። ነርሷ ትንሽ ትራስ ሰጥታኝ፣ ሁለት እጄን አቆላልፌ በደረቴ ላይ አጥብቄ እንድይዛት፣ ከዚያም በረጅሙ ስቤ ከሥር እንድስል አሳየችኝ፤ ትራሷ ስፌቱን ስለምትደግፈው ሕመሙ በግማሽ ይቀላል። አክታን አለማውጣት የሳንባ ምች ያመጣል፣ የሳንባ ምች ደግሞ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በብዛት ከሚከሰቱት ችግሮች አንዱ ነው። ገና በማግስቱ ከአልጋ አውርደው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የልብ ምት መዛባትና የድምፅ መጎርነን አጋጥመውኛል፤ ሁለተኛው የሚመጣው ወደ ድምፅ አውታር የሚሄደው ነርቭ ከቧንቧው አጠገብ የሚያልፍ በመሆኑ ሲነካ ነው። ድምፄ ቀስ በቀስ ተመልሷል።

ሁሉም የሚፈራው ነገር፣ ማለትም የስፌቱ ማፍሰስ፣ በእኔም ደረሰ። ሰውነቴ መተኮስ ጀመረ፣ የልብ ምቴ ጨመረ፣ የደም ምርመራዬ የኢንፌክሽን ምልክት አሳየ፣ አንገቴ ላይ ያለው ቁስልም ቀልቶ አበጠ። ሐኪሙ ሁለት ክር ሲፈታ ምራቅ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው በሚቀየረው ፋሻ ላይ የገዛ ምራቄን ማየት ነበረብኝ። ያኔ ነው መገጣጠሚያው አንገት ላይ መሆኑ ምን እንደጠቀመኝ የገባኝ፦ የአንገት መገጣጠሚያ ከደረቱ ይልቅ የማፍሰስ ዕድሉ ሰፋ ያለ ቢሆንም፣ ሲያፈስ ወደ ውጭ ስለሚወጣ በአብዛኛው በፋሻና በትዕግሥት ይድናል፤ ደረት ውስጥ የሚያፈስ ግን ሕይወትን ሊያሰጋና ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ወይም በኢንዶስኮፒ የሚገባ ስቴንት (ቀዳዳውን ከውስጥ የሚሸፍን ቱቦ) ሊጠይቅ ይችላል። በአፌ ምንም ሳልወስድ በአንጀቴ ቱቦ እየተመገብኩ ጠበቅሁ፤ ቀዳዳው እየጠበበ ሄዶ ተዘጋ። ያቺን ቀጭን የአንጀት ቱቦ ለምን ጨመራችሁብኝ ያልኩት ሰው፣ እሷ ባትኖር ምን እሆን እንደነበር ያየሁት በዚህ ጊዜ ነው።

የወጣው ዕጢ የፓቶሎጂ ውጤት ሲመጣ፣ ካንሰሩ የደረሰው ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ወዳለው ንብርብር ድረስ ብቻ እንደሆነ፣ የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ እንደሆነና በተመረመሩት የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ካንሰር እንዳልተገኘ ተጻፈ። ውጤቱን ስትቀበሉ ስንት የሊምፍ ዕጢ እንደተመረመረ እዩ፤ ደረጃውን በእርግጠኝነት ለመናገር ቢያንስ 15 እንዲመረመር ይመከራል። ለእኔ ተጨማሪ ኬሞቴራፒ አላስፈለገም፤ በሽታው ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት ስለሆነ ግን በየወራቱ ክትትል ተያዘልኝ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ያለው ክፍል በሆስፒታል በበቂ ሁኔታ የማይነገር ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ጨጓራ የለኝም ማለት ይቻላል፤ ያለኝ ደረቴ ውስጥ የቆመ፣ ማጠራቀሚያ ያልሆነ ቱቦ ነው። ወደ ጨጓራ የሚሄደው ነርቭም አብሮ ስለተቆረጠ የረኃብ ስሜት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ስለዚህ የምበላው ሲርበኝ ሳይሆን ሰዓት ሲደርስ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ መብላት ቀርቶ ስድስት፣ አንዳንዴም ስምንት ጊዜ በትንሽ ሳህን፣ እያላመጥኩና እየጠበቅሁ መብላት ሆነ። መጠጥ ከምግብ ጋር አይሄድም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይለያያሉ። ባለቤቴ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍቅር የተነሣ «እባክህ አንድ ጉርሻ ጨምር» ትል ነበር፤ ያቺ የተጨመረች ጉርሻ ግን ደረቴን ታስጨንቀኝና የበላሁትን ሁሉ ታስመልሰኝ ነበር። አስታማሚዎች ይህን ቢያውቁ ለሁለቱም ወገን ሰላም ይሆናል።

ዳምፒንግ የሚባለው ችግር ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይመጣል፦ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥም ሊከተል ይችላል። የሚመጣው ምግቡ ሳይጠራቀም በፍጥነት ወደ አንጀት ሲወርድ ነው። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ዘግይቶ የሚመጣም አለ፤ እሱ የደም ስኳር በድንገት በመውረዱ የሚከሰት ሲሆን መንቀጥቀጥና ራስ ማዞር ያስከትላል። ለእኔ መፍትሔው ጣፋጭ ነገርና ጭማቂ መተው፣ ፕሮቲንን ማስቀደም፣ ከበላሁ በኋላም ጥቂት ጋደም ማለት ነበር፤ ጋደም ስል ግን ቀጥ ብዬ ሳይሆን ከወገብ በላይ ከፍ ብዬ ነው። በጨጓራና በጉሮሮ መካከል የነበረው በር ከቧንቧው ጋር ስለወጣ፣ ጠፍጣፋ ከተኛችሁ መራራው ፈሳሽ ወደ አፍ ይመጣል፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። አልጋው ከራስጌ በኩል 30 ዲግሪ ያህል ከፍ እንዲል ማድረግ፣ ከመኝታ በፊትም ለሦስት ሰዓት ያህል አለመብላት ለዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ሕግ ነው። ትራስ መደራረብ ሆድን አጥፎ ያስጨንቃል፤ የአልጋውን ራስጌ ከሥሩ ማንሳት ይሻላል።

ወራት ካለፉ በኋላ መዋጥ እንደገና ሲከብደኝ ካንሰሩ የተመለሰ መስሎኝ ነበር። የሆነው ግን ስፌቱ ሲድን በጠባሳ መጥበቡ ነው፤ በኢንዶስኮፒ የሚነፋ ትንሽ ፊኛ ገብቶ ሲሰፋ ወዲያው ቀለለኝ። ስፌታቸው አፍስሶ በነበሩ ሰዎች ዘንድ ይህ የተለመደ ስለሆነ፣ መደጋገሙም አያስደነግጥ። ክብደትን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከ10 በመቶ በላይ መቀነስ በብዙዎች ላይ የሚታይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ቆሟል እንጂ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ቫይታሚን ቢ12 እና አይረን በየጊዜው እለካለሁ፤ የጨጓራው መቀነስ ሁለቱንም በደንብ እንዳይወሰዱ ያደርጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸው ሁሉ ይጠቅማል። ጨጓራችሁ ደረት ውስጥ መሆኑን ለማያውቅ ሐኪም የደረት ራጅ ምስላችሁ እንግዳ ነገር ሆኖ ሊታየው ይችላል፤ በአፍንጫ የሚገባ ቱቦም ያለ ጥንቃቄ ሊገባ አይገባም፤ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ሰመመን ስትወስዱም ፈሳሹ ወደ ሳንባ የመግባት አደጋ አለው። ዓመታት ካለፉ በኋላም ቢሆን ድንገተኛ የሆድ ወይም የደረት ሕመም ከማስመለስ ጋር ቢመጣ፣ አንጀት በድያፍራም ቀዳዳ በኩል ወደ ደረት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። እኔ የተሠራልኝን ቀዶ ሕክምና፣ ቀኑንና የሐኪሜን ስልክ የያዘ ወረቀት ከመታወቂያዬ ጋር አድርጌ እይዛለሁ፤ ባለቤቴም ቅጂው አላት።